«ሂሩት አባቷ ማን ነው?» ስለ ፊልምና ስለ ቤታችን

በግንቦት ልደታ ማታ እንደ ልማዳችን ከየቤታችን ወጥተን በደጅ ተሰበሰብን። ድሮ በልደታ ማርያም ሰፈር ይህ በዓል የሚከበረው በየግቢው አጥር ሥርና በየመንገዱ ዳር ነበር። ዛሬ አሮጌዎቹ ቤቶች ፈርሰው ባለ ፎቅ መኖሪያ ስለ ተሠራባቸው፥ ንፍሮው የሚቀቀለው በሕንጻዎቹ መካከል ባለው ሜዳ ላይ ነው። ስንዴው፥ ባቄላውና ሽንብራው ግን ያው ነው፤ እናቶችም ከየፎቃቸው ወርደው፥ አንዷ የሌላዋን እየቀመሰች፥ የእመቤታችንን ልደት በአንድነት ያከብራሉ።

ዘንድሮ በንፍሮው ዙሪያ የተነሣው ጨዋታ ስለ ፊልም ሆነ። አንዲቱ እናት ልጄ እንደ ፊልም ተዋናይት ካልተናገረች ደስ አይላትም አለች፤ ሌላይቱ የወንድ ልጇን የጠጉር አቆራረጥ አንሥታ አዘነች። በመጨረሻ በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት እናት ወደ እኛ ዞር ብለው፥ «የኔታ፥ እርስዎ የቤተ ክርስቲያኑንም የአስኳላውንም የተማሩ ነዎት፤ ቁርጡን ይንገሩን። ፊልም ማየት ኃጢአት ነው ወይስ አይደለም?» ሲሉ ጠየቁን። በዚያች ሌሊት አጭር መልስ አልተገኘልንም፤ ጥያቄው ግን እስከ ቤታችን ተከትሎን ስለ መጣ የዚህን ወር ጽሑፋችንን ለእርሱ ሰጠነው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ተንቀሳቃሽ ሥዕል ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። በአዲስ አበባ በመጀመሪያ የተከፈተውንም ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ጠራው ከታላላቆቻችን ሰምተናል። በጨለማ ቤት ውስጥ፥ በግድግዳ ላይ፥ ሥጋና ደም የሌለው ሰው ሲሄድ፥ ሥጋና ደም የሌለው ፈረስ ሲጋልብ ያየ ሰው ሌላ ምን ስም ሊያወጣለት ይችል ነበር? ስለዚህ አያቶቻችንን አንሣቅባቸው። እነርሱ በሩቁ የፈሩትን ነገር እኛ ዛሬ በሳሎናችን መካከል አስቀምጠነዋል፤ ልጆቻችንም በኪሳቸው ይዘውት ይዞራሉ፥ ከራስጌያቸው አድርገውትም ይተኛሉ። እነርሱ ያለ ልክ ፈርተው እንደ ሆነ፥ እኛ ደግሞ ያለ ልክ ለምደነዋል።

ኢትዮጵያውያን የራሳቸውን ኑሮ በአማርኛ፥ በረጅም ፊልም መተረክ የጀመሩት በ1957 ዓ.ም. ነው። ይህ ፊልም በጥቁርና ነጭ የተነሣ ሲሆን፥ እንዲሠራ ያደረጉት አቶ ኢላላ ኢብሳ፥ ያዘጋጁትም ላምብሮስ ጆካሪስ የተባሉ ግሪካዊ ናቸው። ስሙ «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» ይባላል። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ስም ልብ በል። የአገራችን ፊልም አፉን ሲፈታ የመጀመሪያ ቃሉ ጥያቄ ሆነ፤ ጥያቄውም ስለ አባት ሆነ። ከዚህ በታች የምንናገረው ሁሉ ወደዚሁ ጥያቄ የሚመለስ ነው።

ከሂሩት በኋላ መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። ሚሼል ፓፓታኪስ እ.ኤ.አ. በ1974 «ጉማ» የተባለውን፥ ስለ ደም መመላለስ የሚናገረውን ፊልም አቀረበ። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1976 በ«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የገበሬውንና የባለ ርስቱን ኑሮ ለዓለም አሳየ፤ ይኸው ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ በ«ጤዛ» ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ፥ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ ታላላቅ ሽልማቶችን ተቀብሏል። በአገር ውስጥ ግን ፊልም አንሥቶ፥ አጥቦና አትሞ ለሕዝብ ማድረስ የብዙ ገንዘብ ሥራ ስለ ነበረ፥ ከአንዱ ሥራ እስከ ሌላው ረጅም ዘመን ያልፍ ነበር። የመንግሥቱም የፊልም ኮርፖሬሽን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ተዘጋ።

የተዘጋውን በር የከፈተችው ትንሿ የቪዲዮ ካሜራ ናት። በ1990ዎቹ አጋማሽ እንደ ቴዎድሮስ ተሾመ ያሉ ወጣቶች በጥቂት ገንዘብ በቪዲዮ የሠሩትን ፊልም በሲኒማ ቤት ሸራ ላይ ማሳየት ጀመሩ፤ ሕዝቡም ተሰልፎ ገባ። ከዚያ በኋላ የአማርኛ ፊልም በየዓመቱ በብዛት የሚወጣ ሆነ። በ2006 ዓ.ም. በ«ጉማ» ስም የተጠራ ዓመታዊ የፊልም ሽልማት ተጀመረ። በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ሲኒማ ቤቶች በተዘጉ ጊዜም ፊልሙ አልተዘጋም፤ ከአዳራሹ ወጥቶ በዩቲዩብ በኩል ወደ ስልካችን ገባ እንጂ።

እንግዲህ ይህ ሁሉ በሕዝብ ኑሮ ላይ ምን አደረገ? በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት «ሰው ለሰው» የተባለው ተከታታይ ድራማ በቴሌቪዥን ሲታይ የነበረውን ጊዜ አስታውሱ። አርቲስት አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ የተባለው ክፉ ሰው በእያንዳንዱ ቤት እንደ ሩቅ ዘመድ ይታወቅ ነበር፤ የራት ሰዓት እንኳ በእርሱ መምጫ ይወሰን ነበር። ከዚያም በ2008 ዓ.ም. ቃና የተባለው ጣቢያ የቱርክንና የሌሎችን አገሮች ድራማ በአማርኛ ድምፅ እያስተረጐመ ማሳየት ሲጀምር፥ የኢስታንቡል ሙሽራ በገዛ ቋንቋችን አለቀሰችልን። አነጋገሩ፥ አለባበሱ፥ የሳሎኑ መጋረጃና የሠርጉ ሥርዓት ሳይቀር ከፊልሙ እየተቀዳ ወደ ቤታችን ገባ። ጨርቁና መጋረጃው ዘመን ሲለዋወጥ አብሮ የሚለዋወጥ ስለ ሆነ ብዙ አያስጨንቀንም። ከጨርቅ የሚጠልቅ ነገር ሲመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ባለፈው ዓመት በሰፈራችን የሆነውን እንንገራችሁ፤ ስም አንጠራም። ከቅዳሴ የማይቀር፥ ታላላቆቹን የሚያከብር አንድ ወጣት ከአንዲት መልካም ልጅ ጋር ይተዋወቅ ነበር። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጓደኞቹን አስተባብሮ፥ በአንድ ምግብ ቤት አበባ አስደርድሮ፥ ቀለበት ይዞ በልጅቱ ፊት በጉልበቱ ተንበረከከ። ጓደኞቹ ይህን በስልክ አነሡት፤ ፀሐይ ሳትጠልቅም ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ዋለ። የልጅቱ አባት ነገሩን ያዩት በጎረቤታቸው ስልክ ነው። ሽማግሌ ደጃቸውን አልረገጠም፤ የልጁን ስም እንኳ አያውቁም ነበር።

በሳምንቱ ከተላኩት ሦስት ሽማግሌዎች አንዱ እኛ ነበርን። በመጀመሪያው ቀን፥ «ልጄን በስልክ ድራችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ እኔን ምን ልትጠይቁኝ መጣችሁ?» ብለው ከበር መለሱን። በሁለተኛው ቀን አስገቡን፤ ነገር ግን ተቀመጡ አላሉንም። ልጁን ራሱን አስጠርተው፥ «ልጄ፥ አንተ በቤተ ክርስቲያን ያደግህ ነህ ይሉኛል፤ ጉልበት ለማን እንደሚንበረከክ ጠፍቶህ ነውን?» አሉት። ወጣቱ ብዙ ዝም ካለ በኋላ የሰጠው መልስ እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልጠፋም፤ «አባባ፥ ስለ ደፈርሁ አይደለም። ሴት ልጅ እንዴት እንደምትጠየቅ የነገረኝ ሰው የለም። ያየሁት በፊልም ነው። እንደዚያ ካላደረግሁ የማልወዳት ይመስላታል ብዬ ፈራሁ» አለ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቅንቀው በመጨረሻ፥ «እስቲ ተቀመጡ» አሉን። ነገሩ በሰላም ተፈጸመ።

ከዚያ ወጥተን የተፈጸመውን ለወጣቱ አባት ስንነግር፥ ልጁ የተናገረውንም አልደበቅናቸውም። የቡናውን ስኒ በእጃቸው ይዘው ረጅም ጊዜ ቆዩና እንዲህ አሉ፤ «እውነቱን ነው። እኔም አባቴ ተቀምጦ የነገረኝ የለም፤ እያየሁ ነው የተማርሁት። ያኔ በአንድ ግቢ ስንኖር ሽማግሌ ሲመጣ፥ ቆሞ ሲለምን፥ ሲመለስና ዳግመኛ ሲመጣ በአጥር ቀዳዳ አያለሁ። ልጄ ግን ከፎቅ ላይ በሩ ተዘግቶበት አደገ። የሚታየው ሽምግልና አልነበረም፤ የሚታየው ፊልም ነው።»

እኛም በዚያን ቀን አንድ ነገር ተማርን። ፊልም የልጆቻችንን ዓይን ከእኛ ነጠቀ እያልን እንከስሳለን፤ ነገር ግን ልጅ ድሮም ቢሆን በዓይኑ የሚማር ነው። ሰላምታውን፥ ለቅሶውን፥ እርቁን፥ የሠርጉን ሥርዓት የተማረው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከግቢው ነው። ግቢው ሲፈርስ፥ ጎረቤት ሲበተን፥ አባት በማለዳ ወጥቶ በሌሊት ሲገባ፥ የልጁ ዓይን የሚያርፍበት አጣ፤ ፊልም የተቀመጠው በዚያ ባዶ ወንበር ላይ ነው። የወጣ ሰው ሳይኖር ወንበር ባዶ አይሆንምና፥ ከመጣው እንግዳ አስቀድሞ ስለ ወጣው ባለቤት መጠየቅ ይገባል። ሂሩት አባቷ ማን ነው?

ቤተ ክርስቲያናችን ይህን የዓይን ኃይል ከማንም በፊት ታውቀዋለች። ፊደል ያልቆጠረው ምእመን የሃይማኖቱን ታሪክ የተማረው በጆሮው ከሚሰማው ዜማና በግድግዳ ላይ ከሚያየው ሥዕል ነው። በተአምረ ማርያም የተጻፈውን የበላዔ ሰብእን ታሪክ የሚያሳየውን ሥዕል ታውቃላችሁ። ሰው ይበላ የነበረ ሰው ነው፤ የበላቸውም ሰባ ስምንት ነፍሳት ናቸው። ሠዓሊው ይህን ክፋት አልሸሸገም፤ በግልጽ ይሥለዋል። ነገር ግን ከጎኑ ሚዛን ይሥላል፤ በአንዱ ወገን የተበሉት ነፍሳት፥ በሌላው ወገን በእመቤታችን ስም የተሰጠች አንዲት ጥርኝ ውሃ። ስለዚህ ክፉን ማሳየት በራሱ ነውር እንዳይደለ ከዚህ እንማራለን። ነውሩ ሚዛኑን ሳይሥሉ ክፉውን ብቻ ሥሎ መሄድ ነው።

በሥዕሉና በፊልሙ መካከል ግን አንድ ታላቅ ልዩነት አለ። ሥዕሉ ይቆማል፤ ልጁ በፊቱ ቆሞ እናቱን «ይህ ማን ነው? ለምን እንዲህ ሆነ?» ብሎ እስኪጠይቅ ድረስ ይጠብቀዋል። ፊልሙ ግን ይሮጣል፤ ጥያቄ አይጠብቅም። ጥያቄው በልጁ ልብ ሳይመለስ እየተከማቸ ይቀራል። ስለዚህ ፊልሙ የማያደርገውን ሰው ሊያደርገው ይገባል።

ይህን ያስተማሩን አንድ መምህር ናቸው። በልጅነታችን፥ ገና በዲቁና ትምህርት ላይ ሳለን፥ በሰፈሩ የነበረው ቪዲዮ ቤት የህንድ ፊልም ያሳይ ነበር። አንድ ቀን ለሻማ መግዣ በተሰጠን ሳንቲም ገብተን አየን፤ ነገሩም ከየኔታ ጆሮ ደረሰ። አለንጋ ጠብቀን ነበር። እርሳቸው ግን በፊታቸው አስቀምጠው፥ «በል፥ ያየኸውን እንደ ቃል ትምህርትህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ንገረኝ» አሉን። መንገር ጀመርን። እኛ ስንናገር እርሳቸው እየመለሱ ይጠይቁናል፤ «ይህ ሰው ወንድሙን ለምን ከዳ? እናቱስ ምን አለች? በመጨረሻ ማን አዘነ?» መመለስ አቃተን፤ ምክንያቱም ዘፈኑንና ድብድቡን እንጂ ነገሩን አላየነውም ነበር። «እንግዲህ አላየህም፤ ሳንቲሙን ከስረሃል» አሉን። የሻማውንም ዋጋ ለብዙ ቀን ውሃ በመቅዳት ከፈልን። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አንድ ነገር ስናይ፥ ይህን ለየኔታ እንዴት እነግራቸዋለሁ ብለን ማየት ለመድን።

በዚህ ዓይነት ዓይን ለሚያይ ሰው የአገራችን ፊልም ብዙ የሚጠቅም ነገር አለው። በዚያ በሽታው ብዙ ቤት በዘጋበትና ስሙን መጥራት በሚያስፈራበት ዘመን፥ የቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» የኤች አይ ቪን ነገር በፍቅር ታሪክ ውስጥ አድርጎ ሕዝብ ፊት አወጣው። እ.ኤ.አ. በ2014 የታየው የዘረሰናይ ብርሃኔ «ድፍረት» አንዲት በጠለፋ የተወሰደች የአሥራ አራት ዓመት ልጅን ጉዳይ ከእውነተኛ ታሪክ ተነሥቶ ያሳያል። በዚያ ጉዳይ ለልጅቱ የተከራከሩት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በኋላ በ2011 ዓ.ም. የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ጠለፋን እንደ ወግ ሲቆጥር የኖረ አባት ይህን ፊልም ከሴት ልጁ ጋር ተቀምጦ ቢያይ፥ ከብዙ ስብከት የበለጠ ይሰማዋል ብለን እናምናለን።

እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል ከተመረጡት ፊልሞች መካከል በመቆጠር ለኢትዮጵያ የመጀመሪያ የሆነው የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ደግሞ ኤፍሬም የተባለ ልጅ ታሪክ ነው። እናቱ ሞታበታለች፤ አባቱም ሥራ ፍለጋ ሲሄድ ከዘመድ ቤት ያስቀምጠዋል። ለልጁ የቀረችው አንዲት በጉ ናት፤ እርሷንም ለበዓል ሊያርዷት ያስባሉ። ከግማሽ ምእት ዓመት በኋላም ፊልማችን ያንኑ እንደሚጠይቅ ታያላችሁን? የዚህ ልጅ አባት ወዴት ነው?

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የሞገስ ታፈሰ «ቁራኛዬ»ም ሊጠቀስ ይገባዋል። ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝተው ወደ ፍርድ አደባባይ የሚሄዱበትን የጥንት ሥርዓታችንን፥ የቅኔ ተማሪንም ኑሮ፥ በሸራ ላይ አምጥቶልናል። በሌላ ብዙ ፊልም ካህኑና ሽማግሌው የሚመጡት ለማሣቂያ ሲሆን፥ በዚህ ግን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት እንደ ራሱ ክብር ያለው ዓለም ሆኖ ቀርቧል። ለፊልም ሠሪዎቻችን የምንለው ይህንኑ ነው። የቅኔ ቤት፥ የገዳም፥ የሽምግልና፥ የእርቅና የማኅበር ታሪክ ሞልቶን ሳለ የሌላ አገር የፍቅር ጣጣ መቅዳት፥ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንደሚባለው ነው።

አሁን ወደ እናታችን ጥያቄ እንመለስ። እናታችን፥ ፊልም ማየት ኃጢአት ነውን ብለው ጠይቀውናል። ዝሙትን የሚያስመኝና ደም ማፍሰስን የሚያስወድድ ፊልም በስልክም ይምጣ በሸራ፥ ዓይንን ከእርሱ መመለስ ይገባል፤ በዚህ ጥርጥር የለም። የጾምና የጸሎት ሰዓትም ለድራማ የሚሸጥ አይደለም። ከዚህ ውጭ ላለው ግን ጥያቄውን እንለውጠው፤ «ልጄ ምን አየ?» ብቻ አይደለም፥ «ልጄ ሲያይ ከአጠገቡ ማን ነበረ?» እንበል።

ስለዚህ ለአባቶችና ለእናቶች ሦስት ነገር እንመክራለን። አንደኛ፥ በሳምንት አንድ ቀን፥ ሥራ ቢበዛ እንኳ፥ ልጆቻችሁ የሚያዩትን አብራችሁ እዩ፤ ያላያችሁትን አትርገሙ፤ ልጅ ያላየውን የሚረግም አባት ቃሉ ይቀልበታልና። ሁለተኛ፥ ሲያልቅ አትቆጡ፥ አስነግሩ፤ ማን በደለ፥ ማን ካሠ፥ ሚዛኑ ወዴት አጋደለ ብላችሁ ጠይቁ። ሦስተኛውና ታላቁ ይህ ነው፤ ለልጆቻችሁ ሌላ የሚያዩት ስጧቸው። ሽምግልና ስትሄዱ የደረሰ ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከኋላ ቆሞ ይስማ። ለቅሶ ስትደርሱ፥ የተጣላ ስታስታርቁ፥ ለማኅበር ስትሰበሰቡ፥ በሩን ዘግታችሁባቸው አትውጡ። ሰው ሲታረቅ ያላየ ልጅ ሰው ሲጣላ ብቻ ያያል።

በግንቦት ልደታ ማታ ያን ሁሉ ስንነጋገር፥ አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ከድስቱ አጠገብ ቆማ የእናቷን እጅ ትመለከት ነበር። ንፍሮው እንዴት እንደሚማሰል፥ ለማን አስቀድሞ እንደሚዘገን፥ ለአረጋውያን በሁለት እጅ እንደሚሰጥ ዓይኗን ሳትነቅል አየች። ማንም አላስተማራትም፤ ማንም «ልብ በይ» አላላትም። በመጨረሻ የራሷን ጥቂት በመዳፏ ይዛ ለበረኛው አባት፥ አንዱን እጇን ከሌላው በታች አድርጋ ሰጠች። በዚያ ሰዓት በየፎቁ ቴሌቪዥኑ እየበራ ነበር፤ እርሷ ግን ወደ ሌላ ወገን ትመለከት ነበር፤ የምታየው ነገር ነበራትና።

እግዚአብሔር ለልጆቻችን የሚያዩትን መልካም ነገር አያሳጣቸው፤ እኛንም ከአጠገባቸው አያርቀን። ለከርሞ ግንቦት ልደታ በሰላም ያድርሰን።